ሁለት ሽንኩርት

ሽንኩርት ሰውን የሚያስለቅሰው ሲከተፍ ነው። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሲቆጠር ነው።

ዕለቱ ገብርኄር፣ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም ከየቤታችን ያመጣነውን በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት አንድ ላይ እንቀምሳለን። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር ሰው ወጉን ያውቀዋል፤ ሰኞ ማታ ዝርዝሩ በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ከሚያመጡት ነገር ፊት ለፊት ስም ማስፈር ነው። ችግሩ ውኃ፣ ብርቱካንና ሶፍት በ4 ደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። እኔ ከሥራ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት የቀረው «ምስር ወጥ፣ ለ40 ሰው» ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለሦስት ዓመት ከሶፍት በቀር ምንም አምጥቶ የማያውቅ ወንድም አለን። ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ሲወጣ ስልጆውን፣ ሱፍ ፍትፍቱን፣ ጎመኑን «ለነገ ምሳ» እያለ በፎይል ጠቅልሎ ይሄዳል። እስከ ዛሬ አንድም ሰው «ሶፍቱን እንዴት ሠራኸው?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

እኔ ወጥ መሥራት አልችልም። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ከአንድ ምግብ ቤት ገዛሁና ወደ ራሴ ድስት ገለበጥሁት። ድስቱ አዲስ በመሆኑ እንዳያሳብቅብኝ ጠርዙን ወጥ ቀባሁት፤ እሳት ላይ ጥጄም ከታች በኩል ትንሽ አሳረርሁት። ለማታለሉ ያፈሰስሁትን ላብ ለምስሩ ባፈስሰው ኖሮ ይሄኔ ባለሙያ ሆኜ ነበር።

አባ ጸልየው ማዕዱን ባረኩ። ምስሩ ተወደደ። አርፌ ብበላ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ከፊቴ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ግን ቀመሱና «ይህን የሠራው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እማማ» አልሁ። ማንም አላስገደደኝም።

«እጅህ ይባረክ ልጄ! ቁሌቱ እንዴት በስሏል! ስንት ሽንኩርት ገባበት?»

አሁን ሳስበው መውጫው ብዙ ነበር። «በዓይኔ ገምቼ ነው» ማለት ይቻላል። ትን ብሎኝ መሳል ይቻላል። እኔ ግን መልሱን ቀድሞ እንዳወቀ ተማሪ ደረቴን ነፍቼ «ሁለት» አልሁ።

ሁለት። ለ40 ሰው ወጥ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ጉርሻ የጠቀለለ እጅ አየር ላይ ቆሞ ቀረ። ጎመን ያመጡት ሴት ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከእሳቸው ቀጥላ የተቀመጠችው በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ ሁለትን ለመቁጠር ያ ሁሉ ጣት ለምን እንዳስፈለጋት አላውቅም። ያኔም ቢሆን ዝም ማለት ይቻል ነበር። «የአሜሪካ ሽንኩርት እኮ ትልቅ ነው» አልሁ። ይባስ ብዬ መጠኑን በእጄ ማሳየት ጀመርሁ። በመዳፎቼ መካከል ያለው ነገር በመጀመሪያ ብርቱካን ያክል ነበር። እማማ ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ዱባ አከለ። አሁንም አልነቀሉም፤ እንስራ አከለ። ክንዶቼን እስከ መጨረሻው ስዘረጋ አጠገቤ ያለው ዲያቆን ላለመመታት ጎንበስ አለ። እንዲህ ያለ ሽንኩርት በምድር ላይ ቢኖር በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በመጋዝ ተሰንጥቆ፣ ልጣጩ ለሠርግ ድንኳን በሆነ ነበር።

እማማ ፈገግ እንኳ አላሉም። «ታዲያ አንዱ አይበቃህም ነበር?» አሉኝ።

ከጠረጴዛው ማዶ አንድ አዛውንት የዕለቱን ወንጌል ይዘው መጡብኝ። «ሁለት መክሊት የተቀበለው ሌላ ሁለት አተረፈ ይላል፤ የእኛው ደግሞ በሁለት ሽንኩርት አርባ ሰው መገበ!» ምድር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሶፍት የሚያመጣው ወንድም ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ዓይኑንም በራሱ ሶፍት ጠረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ባለ ሁለት» ነው። ስድስት ዓመት ወንበር ሳነሣና ሳስቀምጥ ያገለገልሁትን የሚያስታውስ የለም።

ስንበተን እማማ ድስቴን አጥበው፣ እኔ በትጋት ያሳረርሁትን ጭምር ፈትገው ሰጡኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ከየትኛው ቤት ነው? በርበሬያቸው ጥሩ ነው» አሉ።

በማግስቱ ሰኞ ዝርዝሩ ከመለቀቁ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ስልኬን ይዤ ተቀመጥሁ። ገና እንደወጣ ማንም ሳይቀድመኝ ከ«ሶፍት» ፊት ለፊት ስሜን አሰፈርሁ። እፎይ ብዬ ስልኩን ላስቀምጥ ስል የእማማ መልእክት ገባ።

«ስንት?»