የቲማቲሙ ውሃ

ቅዳሜ ማታ

እጄ አሁንም ቅቤ ቅቤ ይላል። ሦስቴ ታጠብኩት፣ አልለቅ አለ። ወለሉ ላይ ዱቄት ተበትኗል። ፓትራው ማጠቢያው ውስጥ ተዘፍዝፏል፣ ለነገ ይደር። ሳልጽፈው መተኛት ያልፈለግኩት ነገር አለ። የቲማቲምና የቺዝ ፔስትሪዬ በአራተኛው ሙከራ ተሳካ።

ተሳካ ስል እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የአንዱ ጠርዝ አርሯል። ሁለቱ ደግሞ ቅርጻቸው ጠፍቶ ምን እንደሚመስሉ እንጃ። ግን ገልብጬ ከሥር ሳየው ደረቅ ነው። በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው ቀጭን ሳጥን እንደማንኳኳት ያለ ድምፅ ያወጣል። አንድ ወር ሙሉ ስፈልግ የነበረው ይህንኑ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ያሳፍራል። ቲማቲሙን ወፈር ወፈር አድርጌ ቆረጥኩ፣ ሊጡ ላይ ደረደርኩ፣ ቺዝ አለበስኩትና ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ። ከፓትራው ላነሳው ስል ግን መሃሉ እንደ እርጥብ ካርቶን ታጠፈና ቲማቲሙ ተንሸራቶ ወረደ። ታላቅ እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። አየት አደረገችውና «እህት ዓለም፣ ይሄ በእጅ ነው የሚበላው ወይስ ማንኪያ ላምጣ?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ማንኪያውን አመጣች። ተሳስቀን በላነው። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ቆጨኝ።

ጥፋተኛውን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። ቲማቲም ከመቶ 94 እጁ ገደማ ውሃ ነው። ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ሊጥ ላይ ደረደርኩ ማለት ግማሽ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውሃ ደፋሁበት ማለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ ኦቨኑ ሲሞቅ የት ይሂድ? ግማሹ ይተናል፤ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። ሊጡ ሊጋገር ሲገባው ይቀቀላል።

እንግዲህ ጠላቴ ውሃው ከሆነ ብዬ በሁለተኛው ቀን ዘመትኩበት። ቲማቲሙን ለሁለት ከፍዬ ፍሬውንና በዙሪያው ያለውን ዝልግልግ ነገር በማንኪያ ፍቄ ጣልኩት። እውነትም ሊጡ ደረቀልኝ። ጣዕሙ ግን አብሮ ሄደ። አፍ ውስጥ ሲገባ ቲማቲም መሆኑ የሚታወቀው በቀለሙ ብቻ ነው። ማለትም አይታወቅም፤ አፍ ውስጥ ማን ቀለም ያያል?

ሳነብ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት ከባሕር አረም መረቅ ውስጥ ግሉታሜት የተባለውን ነገር ለይቶ አወጣና፣ የሚሰጠውን ጣዕም «ኡማሚ» ብሎ ጠራው። ያ አፍን ሞላ የሚያደርገው፣ ጣፋጭም ጨዋማም የማይባለው ጣዕም ማለት ነው። የበሰለ ቲማቲም ውስጥ ይኸው ግሉታሜት በብዛት አለ። ከሥጋው ይልቅ ደግሞ እኔ በማንኪያ እየፋቅኩ የጣልኩት ዝልግልግ ክፍል ውስጥ ይበዛል። ብዙ ጊዜ የቆየ ደረቅ ቺዝ ውስጥም እንዲሁ። ቲማቲምና ቺዝ የትም አገር ቢገናኙ የሚስማሙት ለካ ያለ ነገር አይደለም። እኔ ግን ዋናውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከትቼ «ለምን አይጣፍጥም» እላለሁ።

ሦስተኛውን ቀን በአጭሩ ልለፈው። ሊጡን ዳምጬ ጠረጴዛ ላይ እንደተወኩት ስልክ ተደወለ። እማዬ ነበረች። እማዬ ስትደውል ደግሞ አጭር ወሬ የሚባል ነገር የለም። አርባ ደቂቃ። ስመለስ ሊጡ ያብለጨልጫል። ነገሩ ገብቶኛል፤ ግን እልህ ያዘኝና ጋገርኩት። ቅቤው ቀልጦ ፈሰሰና ፔስትሪው በገዛ ቅቤው ተጠበሰ። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ዛሬ ግን ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ መኝታ ቤት አስቀመጥኩት።

ልኬቱን ልጻፈው፤ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳልፈልግ። 250 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ 200 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 5 ግራም ጨው፣ 110 ሚሊ ሊትር ገደማ በረዶ የነካ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ። ቅቤው ከፍሪጅ እንደወጣ በቢላ እንደ አውራ ጣት ጥፍር ይቆራረጣል። ከዚያ ከዱቄቱ ጋር ይነካካል እንጂ አይታሽም። እዚህ ላይ ነው ልማዴ የሚያስቸግረኝ። እጄ ሊጥ ሲያገኝ ማሸት ይፈልጋል፣ አጥብቆ፣ ልስልስ እስኪል። ይሄ ሊጥ ግን ቅቤው በጉልህ እየታየ፣ እዚህም እዚያም ነጭና ቢጫ እንደሆነ ነው የሚተወው። ላየው ሰው ያልተጨረሰ ሥራ ነው።

ምክንያቱ ራሱ ቅቤው ውስጥ ነው። የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 እጁ ስብ ነው፤ ከቀረው ውስጥ አብዛኛው ውሃ ነው። ያ ውሃ በጋለ ኦቨን ውስጥ ድንገት እንፋሎት ይሆናል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ደግሞ ይዞት የነበረው ቦታ 1,600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። መውጫ ሲያጣ ከላዩ ያለውን ስስ ሊጥ ያነሣዋል። እያንዳንዷ የቅቤ ንጣፍ ከላይዋ ያለውን ሊጥ ትገፋለች። እርሾ የለ፣ ቤኪንግ ፓውደር የለ፤ የሚያሳብጠው ይኸው ነው። ቅቤው ቀድሞ ከቀለጠ ግን ንጣፉ ይጠፋል፣ የሚነሣ ነገር አይኖርም። የእጃችን ሙቀት ደግሞ ቅቤ ለማቅለጥ በቂ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም ነገር ቀዝቃዛ፣ ሁሉም ነገር ፈጠን ያለ የሚሆነው።

ይሄን ሳስብ ሳቄ መጣ። አንድ ወር ሙሉ ከውሃ ጋር ስታገል ቆይቼ፣ ሊጡን የሚያነሣልኝ ውሃ ሆኖ ተገኘ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሊጡን ለሦስት ሳጥፍ መጥታ ወንበር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ለምንድነው እንደ ደብዳቤ የምታጥፊው?»

«ቅቤው እንዲነባበር።»

«ስንት ይሆናል?»

«አንዴ ሳጥፈው ሦስት። አሁን አዙሬ ደግሜ ሳጥፈው ስንት ይሆናል ሚጣ?»

ጣቷን ቆጠረች። «ዘጠኝ!» ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆየች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ «ሃያ ሰባት» አለች። አራተኛው ላይ ወረቀት ፍለጋ ሄደች። 81 ነው። ስድስት ጊዜ ብናጥፈው 729 እንደሚሆን ግን እኔ አልነገርኳትም፤ ራሷ ቀጥላ አወጣችው። «እማ፣ ሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ እናድርገው!» ክንዴ ተንቀጥቅጧል፣ እሷ ሂሳብ ይዛለች። በአራት ተስማማን። ከየሁለቱ እጥፋት በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳረፍኩት። ሊጡ እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ከተሰበሰበ ገና አላረፈም ማለት ነው። እምቢ ሲል በመዳመጫ መደብደብ አያዋጣም፤ ይልቅ መልሶ ማስተኛት።

በዚያ እረፍት ቲማቲሙን ያዝኩ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየሰጠሁ በቀጭን ቆረጥኩት፤ ፍሬውም ዝልግልጉም አለበት። ማጥለያ ላይ ዘርግቼ ጨው ነሰነስኩበት፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አደረግኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሥራ ፈት መምሰሉን አውቃለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቀዩ ሥጋ ላይ ትንንሽ ነጥቦች ብቅ ብቅ ይላሉ፣ የጤዛ ያህል። ጎን ለጎን ያሉት ይያያዛሉ። አንዷ ትከብዳለች፣ ወደ ጠርዝ ትሄዳለች፣ ጠብ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳህኑ ውስጥ ግማሽ የቡና ስኒ የሚሆን ፈዛዛ ሮዝ ውሃ ተጠራቀመ። ቀመስኩት። ከቲማቲሙ ይልቅ ቲማቲም ቲማቲም ይላል!

ባለፈው ጊዜ የጣልኩት ይሄንን ነው። ዛሬ አልጣልኩትም። ትንሿ መጥበሻ ላይ ከአንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጋር በቀስታ አፈላሁት። እየቀነሰ፣ እየጠቆረ፣ እየወፈረ ሄደ። ሁለት ማንኪያ የማትሞላ ቀይ ማር መሰለች። ጨዋማ ናት፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ሌላ ጨው አልነካሁም። ቁንዶ በርበሬና ጦስኝ ብቻ።

ስለ ቺዙ ብዙ አልልም። ሞዛሬላ ይሳባል እንጂ ብቻውን ጣዕሙ የሰነፍ ነው። እርጥብ፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚሸጠው ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የቲማቲሙን ውሃ አስወጥቼ የቺዙን ላስገባ? ደረቅ ያለውን ሞዛሬላ ወሰድኩ። ለጣዕም ከሁሉ ትንሹ 12 ወር የቆየውን ፓርሜዛን ጨመርኩበት። ሁለቱንም ራሴ ፈቀፈቅኩ። ተፈቅፍቆ የታሸገው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሌላ ዱቄት ነገር ይነሰነስበታል፤ ሲቀልጥ እንደ ልብ አይዋሃድም።

ሊጡን 30 በ40 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ዳምጬ 12 ካሬ አወጣሁ። ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብዬ በቢላ ጫፍ መስመር አደረግኩ፤ እስከ ታች አይቆረጥም። መሃሉን በሹካ ወጋ ወጋ፣ እንዳይነሣ። ያቺን ቀይ ማር መሃሉ ላይ በስሱ ቀባሁ። ከዚያ ቺዙን አስቀደምኩ፣ ቲማቲሙን በሶፍት ጫን ጫን እያደረግኩ አድርቄ ከላይ አስቀመጥኩ። ባለፉት ጊዜያት ቲማቲሙ ከታች ነበር። ቺዙ ከታች ሲሆን ስቡ እንደ ሽፋን ሆኖ ሊጡን ይጋርዳል። ጠርዙን እንቁላል ስቀባ ብሩሹ የተቆረጠው ጎን ላይ እንዳይወርድ ትንፋሼን ያዝኩ። እንቁላሉ ወደ ጎን ከፈሰሰ ንብርብሮቹን ያጣብቃቸዋል፣ ያ ሁሉ ማጠፍ ከንቱ ይሆናል።

የኦቨኔን ነገር ደግሞ ልናገር። ባለፈው ሳምንት ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዛሁ። ቁልፉ 210 ሲል ውስጡ 185 ነው። ስንት ዓመት ሲዋሸኝ ኖሯል! ስንቱን ኬክ ነው «እጄ አይባርክም» ብዬ ራሴን የወቀስኩበት። ዛሬ ቴርሞሜትሩ 210 እስኪል ጠበቅኩ፤ አንዱን ፓትራም ባዶውን ውስጥ አስገብቼ አብሮ እንዲግል አደረግኩ። ፔስትሪዎቹን ከነመጋገሪያ ወረቀታቸው እላዩ ላይ አንሸራተትኳቸው። ሥሩ እንደገባ ሙቀት እንዲያገኝ ነው። ቀዝቃዛ ፓትራ ላይ ሲሆን ከላይ ቡናማ እስኪሆን ከሥሩ ገና እያሰበ ነው።

ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ልጄ ኦቨኑ መስተዋት ፊት ተንበርክካ «እማ ተነሣ! ተነሣ! ቆመ!» ብላ ጮኸች። ሮጥኩ። ጠርዙ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ሆኖ ቆሟል። መሃል ላይ ቺዙ ይፈላል። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን አየነው። በ15ኛው ደቂቃ ፓትራውን አዞርኩት፤ የኦቨኔ የግራ ጥግ ጉልበተኛ ነው። ዘገየሁ መሰለኝ፣ ያረረችው እዚያ ጥግ የነበረችው ናት። በ23 ደቂቃ አወጣሁት፤ እንፋሎቱ ከሥሩ እንዳይጠራቀም ወዲያው ሽቦው ላይ አስቀመጥኩት።

አስር ደቂቃ ይብረድ አልኳት። አራት ደቂቃ ነው የቻልነው። ሲቆረስ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ልብሷ ላይ ተበተነ። ምላሷን አቃጠላትና «ውይ» እያለች መብላቷን ቀጠለች። እኔም ዝም ብዬ በላሁ። ቲማቲሙ ጠርዙ ላይ ጨምደድ ብሎ መሃሉ ገና ለስላሳ ነው። ያቺ ቀይ ማር ደግሞ አትታይም፣ ግን መጨረሻ ላይ ትመጣለች።

ለእህቴ ደውዬ ነገ ነይ አልኳት። «ማንኪያ ይዤ ልምጣ?» አለች። አራት ፍሬ ሳህን ላይ አድርጌ በጨርቅ ሸፍኜ ደበቅኩላት። ፍሪጅ አላስገባኋቸውም፤ ቅርፊቱ እርጥበት እንዳይስብ። ጠዋት ኦቨን ውስጥ አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል።

አሁን ይሄን እየጻፍኩ ውሃ ልጠጣ ተነሣሁ። ሳህኑን ገለጥ አደረግኩት። ሦስት ናቸው። ጨርቁ በደንብ ተመልሶ ተሸፍኗል፣ ሥራው ንጹህ ነው። የቅርፊቱ ፍርፋሪ ግን ከጠረጴዛው ጀምሮ እስከ ልጄ ክፍል በር ድረስ ተንጠባጥቧል።