የሴቶች የምርጫ መብት ትግልን በድሮ ጋዜጣ ማንበብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። ስለ እንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት ትግል በድሮ ጋዜጦች የጀመርኩት ንባብ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ንባቤን የለወጠው የፍርድ ቤት ዜና ዓምድ ነው። እነዚህ ሴቶች ለዓመታት በሰላም ሲጠይቁ ጋዜጦቹ ብዙም ቦታ አልሰጧቸውም። ሲታሰሩ ግን ዜና ሆኑ። በኦክቶበር 1905 ከትግሉ መሪዎች አንዷ ክሪስታቤል ፓንክኸርስት እና የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛዋ አኒ ኬኒ ማንቸስተር ውስጥ የሊበራል ፓርቲ ስብሰባ ላይ ተነሱ። ፓርቲው ሥልጣን ከያዘ ለሴቶች የምርጫ መብት ይሰጥ እንደሆነ ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው የለም፤ ተጎትተው ወጡ። ፍርድ ቤት የጣለባቸውን የገንዘብ ቅጣት ከፍለው ቤታቸው መግባት ይችሉ ነበር። እምቢ ብለው ክሪስታቤል ለሰባት ቀን፣ አኒ ለሦስት ቀን ታሰሩ። ጉዳያቸው በየጋዜጣው የገባው ያኔ ነው።

እንደኔ ለምትጀምሩ አንድ ምክር አለኝ። በሰው ስም ብቻ አትፈልጉ። ስካን የተደረገው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ፊደል ያምታታል። ያገባች ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ በባሏ ስም ነው የምትጻፈው። በመንገድ ስም፣ በአዳራሽ ስም፣ በፍርድ ቤቱ ስም ሞክሩ። ከዚያ ያንኑ ቀን በሌላ ጋዜጣ አንብቡት። የአንባቢያን ደብዳቤ ገጽንም አትዝለሉ፤ የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ የሚከራከረው እዚያ ነው።

ሴቶቹ የራሳቸውንም ጋዜጣ አሳትመዋል። «ቮትስ ፎር ዉመን» በ1907 ወጣ። መንገድ ላይ የሚሸጡት ሴቶች የሚቆሙት ከእግረኛ መንገዱ ወርደው ጠርዙ ላይ ነበር። እግረኛ መንገዱ ላይ ከቆሙ መተላለፊያ ዘጋችሁ ተብለው ይከሰሳሉ። ጭቃ እየተረጨባቸው ጋዜጣ የሸጡትን እነዚህን ሴቶች በጣም ነው የማከብራቸው።

ልቤን የወሰደው ግን የለንደን ምሥራቅ ነው። የክሪስታቤል እህት ሲልቪያ ቦው በሚባል የድሆች ሰፈር ተቀምጣ በማርች 1914 «ዉመንስ ድሬድኖት» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረች። የምርጫ መብት እዚያ ብቻውን አይነሳም። የቤት ኪራይ አለ፣ የምግብ ዋጋ አለ፣ የልብስ ሰፊዎች ደመወዝ አለ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ደግሞ የወታደር ሚስቶች የሚቆረጥላቸው ገንዘብ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሲልቪያ በረሃብ አድማ ተዳክማ ፓርላማው በር ላይ ተኛች። ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ የሰፈሯን ሠራተኛ ሴቶች ካላነጋገረ አልበላም አለች። አነጋገራቸው! ሌሎቹ ታጋዮች ለተቃውሞ መስኮት ከመስበራቸው ሁሉ እኔ ይህንን አስበልጣለሁ። ስለ ኑሯቸው የተናገሩት ራሳቸው ናቸውና።

በ1918 መብቱ 30 ዓመት ለሞላቸውና የንብረት መስፈርቱን ላሟሉ ሴቶች ተሰጠ። ከወንዶች እኩል ለመሆን እስከ 1928 ጠበቁ።

ሲልቪያ ጋዜጣ መሥራቷን አላቆመችም። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት በሜይ 1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ»ን አቋቋመች፤ ለሃያ ዓመት ያህል አሳተመችው። ቦው ላይ የለመደችውን ነው ለእኛ ያደረገችው፤ ትልልቆቹ ጋዜጦች ቸል ያሉትን ጉዳይ በየሳምንቱ መጻፍ። በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ኖረች። በ1960 ስታርፍ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች።

ቀጣዩ ንባቤ አገር ቤት ነው። የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶችም እንዲመርጡ ፈቀደ፤ በ1957ቱ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገቡ። የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ዘገባውን እንዴት እንዳቀረቡት ገጽ በገጽ ማየት እፈልጋለሁ። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ገብታችሁ የዚያን ዓመት የአዲስ ዘመን ጥራዝ ያገላበጣችሁ ካላችሁ፣ የምርጫው ዜና በየትኞቹ ዓምዶች እንደሚወጣ ጻፉልኝ።