የዲ1 ጥገናን በስፒናች ቅጠል መለካት፦ ከሦስተኛው ዙር በኋላ

ዲ1 የፎቶሲስተም 2 (ቅጠል ውስጥ በብርሃን ኃይል ውሃን የሚሰነጥቀው የፕሮቲኖች ስብስብ) እምብርት የሆነ ፕሮቲን ነው። ውሃ የሚሰነጠቅበትን የማንጋኒዝና የካልሲየም ስብስብ አቅፎ ይይዛል። ብርሃን እስካለ ይጎዳል፤ የተጎዳውን ኤፍቲኤስኤች የተባለው ኢንዛይም እየቆራረጠ ያነሳዋል፣ ክሎሮፕላስቱም (ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድበት የሴሉ ክፍል) አዲስ ሠርቶ ይተካል። ስለዚህ ብርሃን ላይ የቆየ ቅጠል የሚያሳየው የፍሎረሰንስ ንባብ (ክሎሮፊሉ መልሶ የሚያወጣው ብርሃን ልኬት) ጉዳቱን ሳይሆን ጥገናው ያልደረሰበትን ትርፍ ነው። ጉዳቱን ለብቻው ለማየት ጥገናውን ማስቆም ግድ ይላል።

የምናስቆመው ክሎሮፕላስቱ ውስጥ ፕሮቲን እንዳይሠራ በሚያግደው አንቲባዮቲክ፣ በሊንኮማይሲን ነው፦ 46 ሚሊግራም የሃይድሮክሎራይድ ሞኖሃይድሬቱ በ100 ሚሊሊትር ውሃ፣ ማለትም 1 ሚሊሞላር። ሳይክሎሄክሲማይድ አይተካውም። እሱ የሚያግደው ከክሎሮፕላስት ውጭ ያለውን ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚገጣጥመውን የሴል አካል) ነው፤ ዲ1 ደግሞ የሚሠራው ክሎሮፕላስቱ ውስጥ ነው።

ያስቸገረው መድኃኒቱን ማስገባት ነበር። ክብ ቁራጮችን መፍትሔው ላይ አንሳፍፎ ወዲያው ብርሃን ማብራት አይሠራም፤ መድኃኒቱ ሳይዘልቅ ሙከራው ስለሚያልቅ የታከመውና ያልታከመው እኩል ይወጣሉ። አሁን ሙሉ ቅጠል እንወስዳለን። ዘንጉን ውሃ ውስጥ እንደተነከረ በአዲስ ምላጭ አግድም እንቆርጠዋለን፤ አየር ላይ ከተቆረጠ አረፋ ገብቶ ቧንቧውን ይዘጋዋል። ከዚያ በደብዛዛ ብርሃንና በቀስታ በሚነፍስ አየር ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይጠጣል። ጨለማ ውስጥ ግን የቅጠሉ ቀዳዳዎች ስለሚዘጉ እምብዛም አይስብም። ከሊንኮማይሲን ይልቅ ንጹህ ውሃ የሚጠጣ ማነጻጸሪያ ቅጠል ከጎኑ መኖር አለበት።

ንባቡ ላይ፦ መነሻው ፍሎረሰንስ 300፣ ከፍተኛው 1800 ከሆነ ልዩነቱ 1500 ለ1800 ሲካፈል 0.83 ይሆናል፤ የጤነኛ ቅጠል ቁጥር ይህ ነው። ገና ከጅምሩ ከዚህ በግልጽ ያነሰውን ቅጠል ባንጠቀምበት ይሻላል። ከብርሃን በኋላ 30 ደቂቃ ጨለማ ሳይሰጡ መለካት ትልቁ ስህተት ነው፤ ቅጠሉ ትርፍ ብርሃንን በሙቀት መልክ የሚያስወግድበት ጊዜያዊ መከላከያ እንደ ጉዳት ይቆጠራል። የመብራቱ ሙቀትም እንዲሁ ያሳስታል፤ ቅጠሎቹን ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ውሃ ላይ እናቆያቸዋለን።

ለዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል በመጠናቸው ለይቶ አንዱን በፀረ-አካል የማሳያ ዘዴ) ናሙናውን አታፍሉት። የፈላ ዲ1 ተጣብቆ ጄሉ አናት ላይ ይቀራል፣ 32 ኪሎዳልተን አካባቢ የሚጠበቀው መስመርም ይሳሳል። የምንጭነው በእኩል ክሎሮፊል መጠን ነው። መስመሩ ከፍሎረሰንሱ ዘግይቶ ቢቀንስ አትደንግጡ፦ ሥራ ያቆመ ዲ1 እስኪቆራረጥ ድረስ ጄሉ ላይ ይታያል።