በቀቀኗ ቤታችን ገባች
ጓደኛዬ ከሐዋሳ ስለሚለቅ ትንሿን በቀቀኑን ለእኔ ሰጠኝ። ከታቦር እስከ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የሽቦ ቤቷን በነጠላ ሸፍኜ አቅፌያት መጣሁ።

ሳሎን ጥግ፣ አንድ ጎኗን ግድግዳ እንዲከልላት አድርጌ አስቀመጥኳት። ላባዋን ከሰውነቷ አጣብቃ ድርቅ ብላ ቆመች። በጣም ፈርታለች። እጄን አላስገባሁም፤ ራቅ ብዬ ቀስ እያልኩ አወራኋት።

እማዬ ቡና ልታፈላ ከሰሉን ስታቀርብ ለመንኳት። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። እጣኑንም ይዛ በረንዳ ላይ አፈላች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አቮካዶ ሊሰጣት ሲል ደረስኩበት። እኛ ጋ እንደ ልብ የሚገኘው አቮካዶ ለእሷ መርዝ ነው!

ማታ ላይ ጥቂት ዳጉሳ ቆረጣጠመች። አሁን አንድ እግሯን ላባዋ ውስጥ ሸጉጣ ተኝታለች።