ማጓየር በሕማማት አገባ

ግቢያችን ውስጥ ስሜ «ሚዜው» ከሆነ ሰነበተ። ጥፋቱ የማንቸስተር ዩናይትዱ ተከላካይ የማጓየር ነው።

ቀኑ ሚያዝያ 9 ቀን 2017፣ ጸሎተ ሐሙስ። ደብረ ማርቆስ ጉልባኗን በልታ በጊዜ ከትታለች። ማንቼዬ ከፈረንሳዩ ሊዮን ጋር ማታ በአራት ሰዓት ጨዋታ አለባት። ዲኤስቲቪ ቤት ማምሸት እንደሆነ ድሮ ቀርቷል። የቀረኝ የአከራዬ ሳሎን ብቻ ነው።

ጋሼ የአርሴ ደጋፊ ናቸው። በዋዜማው ማድሪድን እዚያው ሜዳው ላይ 2 ለ 1 ስለረቱ፣ ጾም የፈቱ ይመስል ፊታቸው ወዝቷል። «ና ግባ፣ ሕማማትህን አብረን እንይ» አሉኝ። እትዬ ጓዳ ሆነው ዳዊት ስለሚደግሙ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘጋ።

2 ለ 0 መራን። 2 እኩል ሆነ። ከዚያ ሊዮን አንድ ሰው በቀይ ወጥቶበት እንኳ በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 መራ። ጋሼ ቀስ ብለው «ለመሆኑ ይሄ ማጓየር በስንት ነበር የተገዛው?» አሉ። ያውቁታል እኮ! ከኔ አፍ ሲሰሙት ስለሚጣፍጣቸው ነው።

«80 ሚሊዮን ፓውንድ።»

«የሊቨርፑሉ ቫን ዳይክ 75 አልነበር?»

ነበር። ማጓየር በ2011 ክረምት ከሌስተር ሲመጣ የዓለም ውዱ ተከላካይ ተብሎ ነው። እንዲህ ሒሳብ የሚችሉ ሰው ግን በየመስከረሙ ኪራይ ሲጨምሩብኝ «ኑሮ ተወደደ» ከማለት በቀር ስሌቱን አሳይተውኝ አያውቁም። ቡድናቸው ሊጉን ካነሳ ያኔ 21 ዓመቱ ነበር፤ እሱንም አላነሳሁባቸውም።

ያኔ አሰልጣኛችን የነበረው አሞሪም አጥቂ አጥቶ ማጓየርን ከፊት ሲያቆመው በቃኝ። ሶልሻየር፣ ራኝኒክ፣ ቴን ሃግ ተፈራርቀው አሰልጥነውን መጨረሻችን ይሄ? «ደህና ይደሩ» ብዬ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ጩኸት። «ገባ! ኧረ ገባ!» ወንበር ሲወድቅም ሰማሁ።

አልጋዬ ሥር ዱላ አለኝ። አባቴ ከቢቸና የላኩልኝ ወይራ ነው። ቅቤ እየጠጣ ከመጥቆሩ የተነሳ ፊት ያሳያል። ስድስት ዓመት ሙሉ እባብ እንኳ አልመታሁበትም፤ ግን በየበዓሉ ቅቤ እቀባዋለሁ፣ አንዳንዴም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አባቴ ሲልኩልኝ «ቀን አይታወቅም» ብለው ነበር። ያ ቀን መጣ አልኩ። በቁምጣ፣ በባዶ እግሬ፣ ጋቢዬን እየጎተትኩ የሳሎኑን በር በረገድኩት።

«የት አለ? ማነው የገባው?»

ጋሼ ሶፋው ላይ ቆመዋል። ሁለት እጃቸው ራሳቸው ላይ ነው። «ማጓየር አገባ!»

እትዬ ዳዊታቸውን እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ዱላውን አዩ። ቀጥሎ ቁምጣዬን።

«ማነው በሕማማት ያገባው? የትኛው ቄስ ነው የፈቀደለት?»

በሰባት ደቂቃ ሦስት ጎል! 5 ለ 4። ስድስት ዓመት የሰደብኩት ሰው በ121ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ ሲያገባ እኔ ተኝቻለሁ። ሪፕሌዩን እንደ እረኛ ዱላዬን ተደግፌ አየሁት።

የፋሲካ ዕለት ምሳ ጠሩኝ። ማንቼ ደግሞ በበዓሉ ቀን እንኳ አላረፈችም፣ በሜዳዋ በዎልቭስ 1 ለ 0 ተሸንፋ ዋለች። እትዬ እንቁላሉን እያወጡልኝ፣ «ያ ያገባው ልጅ ግን» አሉ፣ «ሚስቱ የማን ልጅ ናት?»

ጋሼ ከትሪው ቀና አላሉም። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።