ነብር የሚበዛበት ሪፖርት

ዓመታዊው ሪፖርት የሚላክበት ቀን ደርሶ ቢሮው ተወጥሯል። የነብር ቆጠራችን ካለፈው ዓመት በጣም ከፍ ብሏል። አለቃችን ደስ ብሏቸዋል።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ) ግን ጫካ ውስጥ የተከልናቸው ካሜራዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ሲያገላብጡ ቆዩና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። «እነዚህ ሁለት ነብር መሆናቸውን ማን አረጋገጠ?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነብርን ከነብር የምንለየው በነጠብጣቡ ነው። የአንዱ ነብር የግራ ጎን ነጠብጣብ ግን ከቀኙ ጋር አይመሳሰልም። ለዚህም ነው ካሜራ ነብሩ በሚያልፍበት መንገድ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚተከለው። የእኛ ካሜራዎች ግን ብዙዎቹ ተበላሽተው በየቦታው አንድ አንድ ነበር የቀረው። ሲሄድ በግራ ጎኑ፣ ሲመለስ በቀኝ ጎኑ የተነሳው ነብር ሁለት ሆኖ ተመዝግቧል።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ከወረደ እኮ በጀቱም ይወርዳል» አሉ አለቃችን። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የስካውቶቹ አበልና ነዳጅ የሚለመነው በዚያ ቁጥር ነው።

እኔ የህንድን ታሪክ አነሳሁ። መንግሥቷ ባለ መስመሩን ታይገር ለማዳን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ትልቅ ፕሮጀክት ጀምሯል፤ ክልል ከልሏል፣ ጠባቂ ቀጥሯል። ቆጠራው ግን ለረጅም ጊዜ በእግር ዱካ ነበር። ሳሪስካ በተባለው ጥብቅ ስፍራ መዝገቡ ታይገር አለ እያለ፣ አዳኞች ጨርሰዋቸው በ2005 አንድም እንዳልቀረ ታወቀ። በካሜራ መቁጠር ሲጀመር በ2006 የአገሪቱ ግምት 1,411 ሆነ። ቀደም ሲል በዱካ የተነገረው 3,642 ነበር! በአገር ደረጃ አንገት የሚያስደፋ ነገር ነው። ግን ደፍረው አወጡት። ጥበቃው ተጠናከረ፤ በ2008 ወደ ሳሪስካ ታይገር በሄሊኮፕተር መጣ። የ2022 ግምታቸው 3,682 ደርሷል።

አለቃችን ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «በል፣ በግራ ጎን ብቻ ቁጠሩት» አሉ። በአንድ ጎን ብቻ ሲቆጠር ማንም ሁለቴ አይገባም። ቁጥሩ ወርዶ ተላከ።

ብዙም ሳይቆይ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፤ «ነብሮቹ ለምን እንደቀነሱ ይብራራ» ይላል። አለቃችን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና «ህንድን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ መልሱን ጻፍ» ብለውኝ ወጡ። ጋሼ ወንበራቸውን ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ። «መጀመሪያ ካሜራ ጠይቅ» አሉኝ።