ባሕር ዛፍ በዳይኖሰር ዘመን ድንጋይ ውስጥ

ከአባይ ሸለቆ፣ ከጎሃ ፅዮንና ደጀን መካከል የመጣ ግራጫ የጭቃ ድንጋይ ዕድሜውን በውስጡ ከቀረ የተክል ብናኝ (ፖለን) ለማወቅ ሐዋሳ ላይ አዘጋጅቼ የመጀመሪያውን ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሳይ ያገኘሁት የባሕር ዛፍ ብናኝ ነው። ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ በየጥጉ ቀዳዳ ያለው፣ መስታወት የመሰለ። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ድንጋዩ ግን ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ብናኙ የገባው በመስኮት ነበር።

ቀይ ንብርብር አልወስድም። ብረቱን ያዛገው ኦክስጅን ብናኙንም በልቶታል። ግራጫ ወይም ጥቁር፣ ደቃቅ ድንጋይ እፈልጋለሁ፤ የላዩን ቅርፊት ጥዬ ከውስጡ 30 ግራም ይበቃኛል። የምፈጨው በምስርና በሽምብራ መጠን መካከል ነው። ዱቄት ካደረጉት ብናኙም አብሮ ይደቃል።

መጀመሪያ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አረፋው እስኪያቆም። እዚህ መቸኮል አያዋጣም፦ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ኖራ ሳያልቅ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከተጨመረ ካልሲየም ፍሎራይድ ይፈጠርና ስላይዱን በነጭ ዝቃጭ ይሞላዋል። ሦስቴ አጥቤ 40 በመቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ፤ በአንዴ ከፈሰሰ ይፈላል። ዕቃው ፕላስቲክ ነው፣ ብርጭቆን ይበላዋልና። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ይህ አሲድ ቆዳ ሲነካ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሕመሙ ዘግይቶ ይመጣል፣ ይገድላልም። ፊውም ሁድ (የአሲድ ጭስ ስቦ የሚያወጣ ሳጥን) እና ለዚህ አሲድ ቃጠሎ የሚቀባው የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በሌለበት ቤት ሥራውን አልጀምርም።

ቀጥሎ ትኩስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ እጥበት፣ 10 ማይክሮን የናይለን ወንፊት። የቀረውን ማዕድን ለመለየት ጥግግቱ 2.0 የሆነ ከባድ ፈሳሽ ይዤ ሴንትሪፊውጅ በሚባለው ማሽን በፍጥነት አሽከረክራለሁ፦ ብናኙ ይንሳፈፋል፣ ማዕድኑ ይዘቅጣል። ናይትሪክ አሲድ የጠቆረውን ያፈካል፤ በየሁለት ደቂቃው ጠብታ ወስጄ ካላየሁ ግን ስስ ግድግዳ ያላቸውን ያጠፋል። ብናኙ ባዛልት (ከቀለጠ ድንጋይ የተፈጠረ ዓለት) ያቃጠለው፣ ከሰል የመሰለ ከሆነ ግን አልደክምም።

የባሕር ዛፉ ነገር ለምን ከባድ ሆነ? ሦስት ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ያለው የአበባ ተክል ብናኝ በዓለት ውስጥ የሚታየው ከ125 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ክላሶፖሊስ፣ የጠፉ የጥድ ዘመዶች ብናኝ፣ በሞላበት ስላይድ ላይ አንዲት ባለሦስት ቀዳዳ የብናኝ ፍሬ ብትገባ ድንጋዩን ያለ ዕድሜው ታሳንሰዋለች። አሁን ከውጭ የገባ ብናኝ እንዲያሳየኝ ድንጋይ የሌለበት ባዶ ዕቃ በሁሉም ደረጃ አብሮ ያልፋል፤ ሳፍራኒን በሚባል ቀይ ማቅለሚያም አቀልማለሁ። የዛሬው ብናኝ ሞልቶ፣ ሳይጨፈለቅ ደምቆ ይቀላል፤ የጥንቱ ጠፍጣፋ፣ ከቢጫ እስከ ቡኒ ነው። ከሌሎቹ በጣም የጠቆረ ካለ ከአሮጌ ድንጋይ ታጥቦ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ለዕድሜ አልቆጥረውም።

300 ፍሬ ከቆጠርኩ በኋላ የስላይዱን ቀሪ እቃኛለሁ። ባለሦስት ስንጥቅ አንድ ብቻ ከተገኘ ከዚያው ድንጋይ ሌላ ቁራጭ አዘጋጃለሁ፤ ካልተደገመ ዕድሜ አልጽፍበትም።